ባርቤዶስ ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች፦ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ኤሊዎቹና ስለ ምግቡ

ባርቤዶስ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ለዕረፍት የሚያስብ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን አንድ ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። ያደግሁት ባሕር በሌለበት ደጋ ነው፤ ዋና የተማርኩትም ጎልምሼ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ለደፋር ጠላቂዎች ሳይሆን፣ ውኃ ደረቱ ላይ ሲደርስ ልቡ ለሚመታበት ሰው ነው።

ከስንቱ የካሪቢያን ደሴት ባርቤዶስን ለምን?

ትንሽ ስለሆነች። ከሰሜን እስከ ደቡብ 34፣ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ቁርስዎን በአንዱ ዳርቻ በልተው ለምሳ በሌላው መድረስ ይችላሉ። በዚህች ጠባብ መሬት ግራና ቀኝ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ባሕሮች አሉ። የምዕራቡ የካሪቢያን ባሕር ነው፤ አብዛኛውን ቀን እንደ ሐይቅ ተኝቶ ይውላል። የምሥራቁ አትላንቲክ ነው፤ ይህ ነው የሚባል መሬት ሳያግደው የመጣ ማዕበል ባትሺባ በምትባለው መንደር ዳርቻ ከቆሙት ግዙፍ ድንጋዮች ጋር ሲላተም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ሌላው ምክንያት መሬቷ ነው። ጎረቤቶቿ እነ ሴንት ሉሲያና ሴንት ቪንሰንት እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ተራራማ ደሴቶች ናቸው። ባርቤዶስ ግን በአብዛኛው ኮራል ናት፤ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለዘመናት የገነቡት ድንጋይ ከባሕር ተገፍቶ ወጥቶ ነው የቆመችው። ዝናቡ በድንጋዩ ውስጥ ስለሚሰርግ ጭቃ ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚገባ ወንዝ ብዙም የለም። የውኃው ጥራት ከዚህ ይመጣል። የቧንቧ ውኃውም በዚሁ ድንጋይ ተጣርቶ ስለሚቀዳ ይጠጣል፤ የታሸገ ውኃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እንዴት ይደረሳል? ቪዛስ?

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። የተለመዱት መሸጋገሪያዎች ለንደን፣ ኒውዮርክ፣ ማያሚና ቶሮንቶ ናቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ግን ዋናው ራስ ምታት ደሴቷ ሳትሆን መንገዱ ነው። አሜሪካ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ ትጠይቃለች፤ ብሪታንያና ካናዳም እንዲሁ። ቲኬት የሚቆርጡት የመሸጋገሪያው ቪዛ እጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን። የባርቤዶስን የመግቢያ ፈቃድ ከራሷ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቷ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የጉዞ ወኪል በቃል የሚነግርዎት አይበቃም።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ደረቅ ነው። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሸው ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ወራት ስለሆኑ የሆቴል ዋጋ ጣራ ይነካል። እኔ የምመርጠው ሚያዝያን ነው፤ ሰዉ ቀነስ፣ ባሕሩ ረጋ ይላል።

ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ባርቤዶስ ከሌሎቹ ደሴቶች ወደ ምሥራቅ ፈንጠር ብላ ስለምትገኝ አብዛኞቹ በሰሜን በኩል ያልፏታል። እ.ኤ.አ. በ1955 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃኔት የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ እስከ 2021 ድረስ፣ ኤልሳ እስኪመጣ ማለት ነው፣ ይህ ወግ ሳይፈርስ ቆየ። በ2024 ግን ቤሪል የተባለው በደቡብ በኩል ሲያልፍ ደሴቷን ሳይረግጥ በማዕበሉ ብቻ የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባዎች ሰባበረ። የሚገርመው፣ ከእነዚህ አውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት አፍሪካ ላይ በሚፈጠር የአየር መናወጥ ሲሆን፣ የሜትሮሎጂ ሰዎች መነሻውን እስከ ዳርፉርና እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድረስ ይከተሉታል። ደሴቶቹ ላይ ከእኛ የሚደርሰው ሁሉ ቡና አይደለም።

ሌላም አለ። ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የተባለ ቡናማ የባሕር አረም በብዙ ቶን እየተነዳ ይመጣል፤ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በብዛት የሚያጠቃው ምሥራቁንና ደቡቡን ነው። አረሙ በበረታበት ሳምንት ወደ ምዕራብ ይሽሹ።

ፀሐይዋ ለእኛ ምን ታደርገናለች?

እኔም እንዲህ ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ ተላጠ። ባርቤዶስ በምድር ወገብ ርቀቷ ልክ በጎንደርና በመቀሌ መካከል ናት፤ ፀሐይዋ የምናውቃት ፀሐይ ናት። ልዩነቱ ቀኑን ሙሉ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ቃጠሎውን እንዳይሰማዎት ማድረጉ ነው። ቅባት ከመደራረብ ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሹራብ ይልበሱ። ከቅባቶቹም አንዳንዶቹ ኮራሉን ስለሚጎዱ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቢመርጡ ይሻላል።

ዋና አልችልም። ገንዘቤን በከንቱ ላፈስስ ነው?

አይደለም፤ ግን ቦታ ይምረጡ። ካርላይል ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ከዋና ከተማዋ ከብሪጅታውን መሀል በእግር ይደረሳል። እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነው፤ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ወገብዎ ድረስ ገብተው ፊትዎን በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ወደ ውኃ ቢነክሩ በእግርዎ መካከል የሚያልፉ ዓሣዎችን ያያሉ። የነፍስ አድን ሰደርያ መከራየት አያሳፍርም፤ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ለብሼው ነበር። ሰውነትን ማላላት፣ በአፍ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ እግር ሲደርስ መቆም፤ ዋና ለማይችል ሰው ትምህርቱ ይኸው ነው።

ጧት 12 ሰዓት ላይ ይሂዱ። በአቅራቢያው ጋሪሰን የሚባል ጥንታዊ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ አለ፤ ጠባቂዎቹ ፈረሶቹን በማለዳ እያመጡ ባሕር ውስጥ ያጥቧቸዋል፣ ያዋኟቸዋል። ጃንሜዳን የሚያውቅ ሰው ፈረስ፣ ሜዳና ውኃ አንድ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አልነግርዎትም።

የባሕር ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው። ውድ ሆቴል ፊት ለፊት ያለውም ቢሆን አሸዋው ላይ ፎጣዎን ቢያነጥፉ ማንም አያስነሳዎትም፤ የሚከፈለው ለወንበርና ለጃንጥላ ነው። ኦይስቲንስ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ያለውን ማያሚ ቢች ልጆች ላሏቸው እመክራለሁ። አክራ ቢች የሚባልም አለ፤ ሰዉ ይበዛበታል፣ ግን ነፍስ አድን ጠባቂ አለው። ክሬን በሚባለው ዳርቻ አሸዋው ወደ ሮዝ ያደላል፤ ማዕበሉ ግን እንደ ኳስ ስለሚያንከባልል ዋና ለማይችል ሰው ለዓይን ብቻ ነው። ባትሺባ ላይ አይዋኙ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ አለ። የአገሩ ሰው እዚያ የሚታጠበው ድንጋዮቹ ከልለው በፈጠሯቸው ትንንሽ ኩሬዎች ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ እርስዎም እንደ እነሱ ያድርጉ።

የባሕር ኤሊዎችን በእርግጥ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር። በደሴቷ ዙሪያ በብዛት የሚታዩት ሦስት ዓይነት ናቸው። አረንጓዴው ኤሊ ለመመገብ ይመጣል፤ በምዕራቡ ዳርቻ ፔይንስ ቤይ አካባቢና በካርላይል ቤይ የሚያጋጥምዎት በአብዛኛው እሱ ነው። ሃውክስቢል የሚባለው አፉ እንደ ጭልፊት የታጠፈ ሲሆን ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሌሊት ወጥቶ አሸዋ ውስጥ እንቁላሉን ይቀብራል። ሌዘርባክ ከሁሉም ግዙፉ ነው፤ ጀርባው ድንጋይ ሳይሆን ቆዳ ነው፤ እሱ የሚወጣው በአብዛኛው በምሥራቁ ዳርቻ ነው።

ቀድሞ ሥጋቸውም ቅርፋቸውም ይሸጥ ነበር። አደኑ በ1998 ተከለከለ። ከዚያም በፊት፣ ከ1987 ጀምሮ፣ ከዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የባርቤዶስ የባሕር ኤሊ ፕሮጀክት ሌሊት ሌሊት ዳርቻውን እየዞረ እናቶቹን ምልክት ያደርጋል፣ ጎጆዎቹን ይጠብቃል። በወቅቱ ከደረሱ፣ የተፈለፈሉት ግልገሎች ወደ ባሕር ሲለቀቁ ማየት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። አንዲት ግልገል ከእፍኝ አትበልጥም። ሌሊት ከአሸዋው ስትወጣ ባሕሩን የምትለየው በብርሃኑ ነው፤ ከሰማይ ሥር ደመቅ ያለውን አቅጣጫ ትከተላለች። የሆቴል መብራት ከባሕሩ ሲደምቅባት ጉዞዋ ወደ መኪና መንገድ ይሆናል። ለዚህ ነው በዳርቻው ያለ መኝታ ክፍል ሲከራዩ ማታ መጋረጃ ዝጉ የሚባሉት።

ከጀልባ አስጎብኚዎች ጋር ሲደራደሩ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ኤሊዎቹን ትመግባላችሁ? እኔ የተሳፈርኩበት ጀልባ ሠራተኞች የዓሣ ቁርጥራጭ ሲወረውሩ ኤሊዎቹ እንደ ዶሮ ተሯሩጠው መጡ። ፎቶግራፉ አማረ፤ እኔ ግን ከፋኝ። አድጎ በባሕር ሣር መኖር የሚገባው እንስሳ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ምሳ መጣ ብሎ ወደ ጀልባ መቅረብ ከለመደ፣ አንድ ቀን የሚያገኘው የሞተሩን ስለት ነው። ሁለተኛውን ጊዜ በእግሬ ከዳርቻ ገብቼ ማንም ያልጠራው ኤሊ ጸጥ ብሎ ሲግጥ ሩብ ሰዓት ያህል ከበላዩ ተንሳፈፍኩ። ገንዘብም አልከፈልኩም። አይንኩ፣ መንገዱን አይዝጉበት፤ አየር ለመሳብ ብቅ ማለት አለበትና።

ኮራሉ በቴሌቪዥን እንደሚታየው ነው?

እውነቱን ልንገርዎት፤ አይደለም። በ1983 በመላው ካሪቢያን ጥቁር እሾሃማ የባሕር ጃርቶች በበሽታ አለቁ። እነዚህ ፍጥረቶች ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረም የሚግጡ ነበሩ፤ እነሱ ሲጠፉ አረሙ ኮራሉን አለበሰው። በ2023 ደግሞ ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ብዙ ኮራል ነጣ። ከህንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የመጣው አንበሳ ዓሣም ትንንሾቹን ዓሣዎች ይጨርሳል፤ እሱን በምግብ ዝርዝር ላይ ካገኙት ያለ ርኅራኄ ይዘዙ።

ሕይወት ግን አለ፤ በተለይ በሰመጡ መርከቦች ዙሪያ። ካርላይል ቤይ ውስጥ ካሉት አንዱ በርዊን የተባለ የፈረንሳይ ጎታች ጀልባ ነው፤ በ1919 ሰጠመ፤ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ከላይ ሆነው በመነጽር ያዩታል። ሆልታውን አጠገብ ካለው የፎልክስቶን የባሕር ጥብቅ ቦታ ወጣ ብሎ ደግሞ ስታቭሮኒኪታ አለ፤ በ1976 የተቃጠለ የግሪክ ዕቃ ጫኝ መርከብ ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ የዓሣ መጠለያ እንዲሆን ሆን ተብሎ ተሰጠመ። እሱ ለሠለጠኑ ጠላቂዎች ነው።

መንቁሩ የበቀቀን የሚመስለውን ባለ ብዙ ቀለም ፓሮት ዓሣም ይፈልጉ። ውኃ ውስጥ ሆነው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ እሱ ኮራል እየቆረጠመ ነው። የበላውን አድቅቆ በኋላው ያወጣዋል፤ ፎጣዎን ያነጠፉበት ነጭ አሸዋ የተወሰነው ክፍል ከዚያ የመጣ ነው።

ምን ልጠንቀቅ?

ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። በዳርቻው ይበቅላል፤ ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፤ ፍሬውም ወተቱም መርዝ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሥሩ መጠለል እንኳ ቆዳ ያቃጥላል። ብዙዎቹ ግንዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ያልተቀባም አይጠፋም። ሁለተኛው የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ጨርቅ ነው። በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሕፃን ልጅ ቁምጣም ቢሆን። በዋና ልብስ ከተማ መግባትም ነውር ነው፤ ሰዎቹ በአለባበስ ጥብቅ ናቸው። ሱቅ ሲገቡ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ሰላምታ ያስቀድሙ፤ ይህ ለእኛ አይከብድም።

ምግቡስ? እኛን ይስማማናል?

ከገመቱት በላይ። የአገሪቱ መለያ ምግብ ኩኩና በራሪ ዓሣ ነው። ኩኩ ገንፎ ነው፤ ሌላ ስም አላገኝለትም። የበቆሎ ዱቄት በተቀቀለ ባሚያ ውኃ እየተማሰለ ይበስላል፤ ጠፍጣፋ የእንጨት ማማሰያ አላቸው፤ ክንድ ያደክማል፤ እብጠት እንዳይኖረው ባለሙያ ይጠይቃል። ሳህን ላይ ከተገለበጠ በኋላ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው ወጡን ያፈስሱበታል። እናቴ ብታየው ቅቤውና በርበሬው የት ሄደ ትል ነበር። በቅቤው ፋንታ ዓሣው በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በጦስኝና በሎሚ የተሠራ ቀጭን ወጥ ይዞ ይመጣል። ባሚያው ስለሚያሙለጨልጨው ለመጀመሪያ ጊዜ ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ጉርሻ ይለመዳል።

በራሪው ዓሣ ክንፉን አያርገበግብም፤ ከውኃ ተወርውሮ እንደ ወረቀት አውሮፕላን ይንሳፈፋል። በአንድ ዶላር ሳንቲማቸው ላይ ተቀርጿል። ከትሪኒዳድና ቶቤጎ ጋር እሱን ለማጥመድ የነበረው ውዝግብ በባሕር ወሰን ክርክር ውስጥ ገብቶ በ2006 በዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት እስከ መዳኘት ደርሷል። ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ነው። እሾሁ ብዙ ነው፤ ግን ገበያ ውስጥ ቢላዋ ይዘው የሚቀመጡት ሴቶች ለዓይን በሚያስቸግር ፍጥነት ያወጡታል። ቆመው ይዩአቸው።

ዓርብ ማታ ኦይስቲንስ መሄድ ግድ ነው። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በየድንኳኑ ከሰል ይያያዛል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ሰልፉ የረዘመበትን ድንኳን ይምረጡ። ከጎን ማካሮኒ ፓይ ይሰጣሉ፤ በአይብ የተጋገረ ማካሮኒ ነው። እኔ በተጠበሰው የዳቦ ፍሬ እለውጠዋለሁ፤ ከድንችና ከዳቦ መካከል ያለ ጣዕም አለው።

የመንገድ ቁርስ ከፈለጉ፣ በጨው ከደረቀ ዓሣ የሚሠራ ትንሽ ጥብስ ኳስ አለ፤ ሁለቱን ዳቦ ውስጥ ከትተው ይሰጡዎታል። ጨው ዓሣው ከሰሜን አትላንቲክ እየተጫነ ይመጣ የነበረው በሸንኮራ እርሻው ላይ በባርነት ለነበሩት ሰዎች ርካሽ ቀለብ እንዲሆን ነው፤ ልጆቻቸው ግን ጣፋጭ አድርገውታል። በኅዳር ከደረሱ ኮንኪ ይጠይቁ፤ የበቆሎ ዱቄት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ኮኮነት ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል። ሽታው የኮባ ዳቦ የሚጋገርበትን ቤት አስታወሰኝ። ሞቢ የሚባለው መጠጥ ከዛፍ ልጣጭ ተቀቅሎ በስኳር ይጣፍጣል፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ይመራል። ጌሾ የለመደ ምላስ ፊቱን አያጨማድድም፤ ፈረንጆቹ ግን ሲጠጡት ማየት ያዝናናል።

የምግብ ዝርዝሩ ላይ “ዶልፊን” የሚል አየሁ። ዶልፊን ይበላሉ?

አይበሉም። ማሂ ማሂ የሚባለውን ዓሣ ነው በዚያ ስም የሚጠሩት። ተረጋግተው ይዘዙ።

ጾም ላይ ብሆን ወይም የአሳማ ሥጋ ባልበላስ?

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። አሳማ ግን ባልጠበቁበት ቦታ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበላው ፑዲንግና ሳውስ የአሳማ ሥጋ በሎሚ ተዘፍዝፎ ነው። ሩዝና አተር ሲያዙም ማጣፈጫ ብለው በጨው የታሸ የአሳማ ጅራት ይጨምሩበታልና አስቀድመው ይጠይቁ። ኩኩም ብዙ ጊዜ ቅቤ ይነካዋል። ለጾመኛ ሁነኛው መፍትሔ የራስተፈሪያን ምግብ ቤት ነው፤ ኢታል የሚሉት ምግባቸው ሥጋ አይነካውም፤ ባቄላ፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ቅጠላ ቅጠል ነው። ከኢትዮጵያ መምጣትዎን ከተናገሩ ግን ቶሎ እወጣለሁ ብለው አያስቡ። ብሪጅታውን ውስጥ ከጉጃራት የመጡ ሕንዳውያን ሙስሊሞች የቆየ ማኅበረሰብ ስላለ መስጊድም ሐላል ሥጋም ይገኛል።

ውድ ናት?

ውድ ናት። የሚበላው ብዙው ከውጭ ይገባል። ሁለት የባርቤዶስ ዶላር በአንድ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል፤ ከ1975 ጀምሮ አልተለወጠም፤ በሁለቱም መክፈል ይቻላል። ዋጋ ሲነገርዎት የየትኛው ዶላር እንደሆነ ይጠይቁ። ገንዘብ የሚቆጠበው በአውቶቡስ ነው፤ እኔ ስሄድ የትም ቢሄዱ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፣ የእነሱ ዶላር። የመንግሥቶቹ ሰማያዊ ናቸው፣ መልስ አይሰጡም፤ የግሎቹ ነጭ ሚኒባሶች ደግሞ ሙዚቃቸው፣ ጥድፊያቸውና “ጠጋ በሉ” የሚለው ረዳታቸው የመርካቶን ታክሲ ያስንቃሉ። ፌርማታው ላይ “ወደ ከተማ” ወይም “ከከተማ ውጭ” የሚል ምልክት አለ፤ ሌላ ማወቅ አያስፈልግም።

ምን ይዤ ልመለስ?

ኮራልና የኤሊ ቅርፊት አይያዙ፤ በሕግ ያስጠይቃል። የሚያዘው ቢጫው የቃሪያ ድልህ ነው፤ ሰናፍጭና እሳት የሆነ ቃሪያ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው፤ ከጥሬ ሥጋም ከሽሮም ጋር ይሄዳል። ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት እንጂ በእጅ አይያዙት። የእኔን የመጀመሪያ ጠርሙስ የመሸጋገሪያው ፍተሻ ወሰደው፤ ሁለተኛው ቤት ደርሶ ሳምንት አልቆየም።